ባለ ቁጥሩ ራዲዮና የአባቴ ወሬ

እህቴ ቤት ባለ ቁጥር ራዲዮ የገባ ቀን አባቴ ምሳቸውን እዚያው በሉ።

ይህ ለሌላ ሰው ወሬም አይሆንም። አባት ልጁ ቤት ምሳ ቢበላ ምን ይገርማል? እኔ ግን ከምሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቼ፣ በዚያ በነጌሌ ፀሐይ ከተማውን አቋርጬ፣ ወጡን አሙቄ፣ ሁለት ሰሃን አቅርቤ ጠበቅኳቸው። የእሳቸውን ሰሃን ከደንኩት። ቆየሁና የእኔንም ከደንኩት። የሥራ መግቢያዬ ሲደርስ ሁለቱንም እንደተከደኑ ትቼ ወጣሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አገኘኋቸው። ፊታቸው በርቷል።

«አባባ፣ ምሳዎትን አልበሉም።»

«በላሁ እንጂ! እህትሽ ቤት። አንቺ፣ ያን ራዲዮ ብትሰሚው! መንጫጫት የለ፣ መንኮሻኮሽ የለ። ቁጥሩን ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች፣ ዜና የሚያነበው ሰውዬ አጠገቤ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ነው የሚመስለኝ።»

«ጥሩ ነው» አልኩና ሁለቱን ሰሃን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጓዳ ውስጥ ቆሜ፣ የቀዘቀዘውን ምሳ ሳልቀመጥ በላሁት።

የእኔና የእህቴ ነገር በራዲዮ አልጀመረም። እናታችን ስትሞት እኔ አሥራ ሁለት፣ እሷ አምስት ዓመታችን ነበር። አባታችን ከሰሜን መጥተው በነጌሌና በዶሎ ኦዶ መካከል ባለው መንገድ ላይ ግሬደር የሚነዱ ሰው ነበሩ፤ ከሄዱ ሁለትና ሦስት ሳምንት አይመለሱም። ከለቅሶው በኋላ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ «አንቺ ቤቱን ያዢልኝ፣ ትንሿ ትማር» አሉኝ። በቁጣ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ በተቀየምኳቸው። በፍቅር ነበር ያሉት።

ዩኒፎርሟን አጠብኩ። ደብተሮቿን በአሮጌ ጋዜጣ ለበድኩ። ማታ እሷ ውስጡን ስታጠና እኔ ላዩን አጠናለሁ፤ ፊደል የቆጠርኩት በእሷ ደብተር ልባድ ላይ ነው። የማታ ትምህርት አንደኛ ክፍል ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ እህቴ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች። በኋላ ሁሉንም ጨረስኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው ግን አንድ ጠባይ ያወጣል፦ ስህተት ያስቆጣዋል። ነጥብ ያለ ቦታዋ ስትቀመጥ ሰውነቴን ይበላኛል።

አባቴ ጡረታ ወጥተው፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት እኔ ዘንድ ሲቀመጡ፣ በመጨረሻ ተራዬ ደረሰ አልኩ። ለቤተ መጻሕፍቱ የሚመጣውን ጋዜጣ፣ ሳምንት አልፎት ቢደርስም፣ ምሳ ሰዓት ላይ አነብላቸው ነበር። መርፌዋ በቀይ ክር የምትሄድ አሮጌ ራዲዮም ነበረችን፤ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረ፣ የባትሪ ድንጋይ የምትጨርስ። እሷ አንድ ቀን ዝም አለች፤ ሠሪውም «እናትዬ፣ እረፍት ስጧት» ብሎ መለሰልን። አላዘንኩም። ከእንግዲህ ዜና በእኔ አፍ ብቻ ሊገባ ነዋ!

ይህን ባልኩ በሁለተኛው ወር ነው የእህቴ ባል፣ ዶሎ ኦዶ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የሚነዳው፣ ያን ራዲዮ ይዞላት የገባው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ስድስት ተኩል ሲሆን ከዘራቸውን አንስተው ይወጣሉ። የእህቴ ቤት ከእኛ ቤት ሁለት መታጠፊያ ነው፣ ወደ ከብት ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር። የሰባት ሰዓቱን ዜና ሰምተው፣ በልተው፣ ተጫውተው ጥላ ሲዞር ይመለሳሉ። ጋዜጣው ጠረጴዛዬ ላይ ተቆለለ።

ቅናት መሆኑን አውቄዋለሁ። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ የራሴን ነገር በስሙ መጥራት አያቅተኝም። ግን ስሙን ማወቅ አላቀለለውም። እህቴ ትምህርቱን ወሰደች፣ ባል አገኘች፣ ልጆች ወለደች፤ አሁን ደግሞ ምሳ ሰዓቴን። አንድ ቅዳሜ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ራዲዮዋን ለማየት ሄድኩ።

በረንዳዋ እንደ ልማዱ በባሏ ዘመዶች ተሞልቷል፤ ከገጠር ከብት ይዘው የመጡ ቦረናዎች፣ የወተት ዕቃ ያዘሉ ሴቶች። «አካም! ናጋ?» ብለው ሰላም ሲሉኝ «ናጋ» ብዬ አለፍኩ። ይህን ሁሉ ግርግር እንዴት እንደምትችለው እያሰብኩ ገባሁ።

«እትዬ! ዛሬ ከየት ወጣሽ?» አለች እህቴ፣ ክርኗ ድረስ ሊጥ ነክቷት። «ነይ ራዲዮውን እይልኝ። እኔማ ከሁለቱ ቁልፍ በቀር የምነካው የለም፣ ይፈነዳ ይመስለኛል።»

አየሁት። የመመሪያ ወረቀቱ እንኳ ከካርቶኑ ወጥቶ አያውቅም። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ብልጭ ድርግም ይላል። አንቴናው ተጣሟል። ሆዴ ውስጥ አንድ ደስታ ብልጭ አለ። ከዚህ የተሻለ መምረጥ እችላለሁ።

«ለአባባ በጣም ተስማምቷቸዋል» አለች እህቴ። «እንደውም እትዬ፣ ወስደሽ እናንተ ቤት ይሁን። እኛ ምን ያደርግልናል?»

ይህችን ነው የማልችላት። ብትነፍገኝ በቀለለኝ።

«አይ፣ ልገዛ ነው» አልኩ። እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም ነበር።

ደብተር አወጣሁና በአንዱ ገጽ ላይ የሚያስፈልገውን ጻፍኩ። አጭር ሞገድ የግድ፤ ለእኛ አገር ከሩቅ የሚመጣው በእሱ ነው። መካከለኛ ሞገድም። ቁጥር ሲጫኑት የሚሄድ እንጂ በእጅ የሚሽከረከር አይደለም። ጣቢያ የሚይዝ ማስታወሻ ያለው። መብራት ሲጠፋ በድንጋይ የሚሠራ። ቁልፉ ለደከመ ዓይን ትልቅ የሆነ። ድምፁ የሰው ድምፅ የሚመስል፤ ይህችን በሁለት መስመር አሰመርኩባት። ስለ ሞገድ የሚያወራ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ አውጥቼ ሁለት ቀን አጠናሁ።

በመጀመሪያው ሱቅ ያለው ወጣት ነጋዴ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራ ነገር አወጣልኝ።

«እቴ፣ ይሄ መብራትም አለው፣ ፍላሽ ይበላል፣ ጭፈራ ቤት ያስመስልልሻል!»

«አጭር ሞገድ አለው?»

«ኤፍ ኤም አለው።»

«ነጌሌ ላይ ስንት ኤፍ ኤም ይያዛል?»

ትንሽ አሰበ። «ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

«ሲመጣ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሱቅ የአንድ ሽማግሌ ሀጂ ነበር። ደብተሬን ሲያዩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው፣ ባለ ሰፊ መስኮት ራዲዮ ከላይኛው መደርደሪያ አወረዱልኝ። የመመሪያ ወረቀቱን እዚያው ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩ።

«ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ቆርቆሮ ሥር ሆነን አናውቀውም። ወደ ውጭ እናውጣው።»

«ወደ ፀሐዩ?»

«ለዚሁ ብዬ ነው በዚህ ሰዓት የመጣሁት። ሰባት ሊሆን ነው፣ ዜናው ይጀምራል።»

ሳቁ፣ ግን አወጡት። በርሜል ላይ አስቀምጠን ቁጥሩን ስጫን መንገደኛው ቆመ። አንዱን ጣቢያ አስገባሁ፤ ጻፍኩ። ሌላውን አስገባሁ፤ ጻፍኩ። ጀርባውን ወደ ያቤሎ መንገድ፣ ፊቱን ወደ ገበያው አዞርኩት፤ ጻፍኩ። ሁለተኛ ዓይነት አስወጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፤ ተራ በተራ አስጮህኳቸው። አንዲት ሴት ከሕዝቡ መሀል፣

«እቴ፣ ራዲዮ ነው ወይስ ሙሽራ የምትመርጪው?» አለች።

«ሙሽራ ቢሆን ይህን ያህል አታገላብጠውም» አሏት ሀጂ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ጥቁሩን ወሰድኩ።

ቤት ገብቼ ከአንቴናው ጫፍ ቀጭን ሽቦ አስሬ በመስኮት አውጥቼ ግቢያችን ካለው ግራር ላይ ሰቀልኩ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አስተካከልኩ። አንድ ቁጥር ላይ የአማርኛውን፣ ሁለት ላይ የኦሮምኛውን፣ ሦስት ላይ ከውጭ የሚመጣውን አስገባሁ። ከዚያ አባቴን ጠርቼ ከፈትኩት።

ድምፁ ክፍሉን ሞላው። አባቴ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ሞራ የጋረደው ዓይናቸው ድምፁ ወዳለበት ዞረ።

«ይሄስ የእህትሽን ያስንቃል» አሉ።

የዚያን ዕለት የሆንኩትን ልነግራችሁ አልችልም። ስንት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ነበር የጠበቅሁት።

በማግስቱ ምሳችንን በልተን ሰባት ሰዓት ላይ ተቀመጥን። በሩን ዘጋሁ፣ የመንገድ ጫጫታ እንዳይገባ። ዜናው ተጀመረ። ትንሽ እንደቆየ አባቴ፣ «ይሄ መንገድ እኮ እኔ ያኔ…» ብለው ጀመሩ።

«አንዴ ይቆዩ አባባ፣ እየተናገረ ነው።»

ዜናው ሲያልቅ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ተልተሌና ያቤሎ ዝናብ ገባ አለ፣ አይደል? ጎሽ! እንግዲህ…»

«ተልተሌ ብቻ ነው ያለው፣ አባባ። ያቤሎን አላነሳም።»

«እ?»

«ገባም አላለም፤ ይጠበቃል ነው ያለው።»

«እሺ» አሉ። ከዘራቸውን በመዳፋቸው አሽከረከሩት። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ነበር። ሦስተኛው ቀን ምንም አላሉም፤ እኔም በጥሞና ስለሰሙልኝ ደስ አለኝ። አራተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስገባ ከዘራቸው ከበሩ ጀርባ አልነበረም።

ራዲዮዬ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ሽቦው ተዘርግቷል። ምርጫዬ አንድም እንከን አልነበረበትም። ምሳ ማቅረቡን ትቼ፣ ነጠላዬን ጎትቼ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ምን ልል እንደሆነ አላውቅም፤ የሆነ ነገር ልል ግን ነበር።

በጓሮ በር በኩል ገብቼ ከእህቴ ጋር ጓዳዋ ውስጥ ቆምኩ። ከዚያ በረንዳው ይታያል። ራዲዮው መስኮቱ ላይ ሆኖ በአማርኛ ይናገራል። በረንዳው ላይ አሥር ያህል ሰው አለ፤ አንዱ ጫማውን ያራግፋል፣ ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ፣ ሕፃን ያለቅሳል። ከአባቴ በቀር የሚሰማ የለም። አባቴ እኔን ትተው የሚመጡት እንግዲህ ለዚህ ነው፣ አልኩ በሆዴ።

ዜናው አለቀ፤ እህቴ በመስኮቱ እጇን ሰዳ ራዲዮውን ዘጋችው። ያኔ በረንዳው ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ቦረና በትራቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ወደ አባቴ ዞሩና፣

«ኦዱ?» አሏቸው።

ወሬ ምን አለ ማለት ነው። እዚህ አገር የተወለደ ሰው ያውቀዋል፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው፣ ሌላው ያልሰማውን የሰማ ሰው፣ ወሬውን ይጠየቃል፤ ተጠያቂውም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳይቸኩል ይናገራል፤ ሰሚውም በየዐረፍተ ነገሩ መሀል «ኤዬ» እያለ ይቀበለዋል። አቋርጦ የሚያርም የለም። ነውር ነው።

አባቴ በኦሮምኛ ጀመሩ። ግሬደር ላይ ባሳለፉት ዘመን የለመዱት፣ ከአማርኛቸው ይልቅ የሚፈስ ኦሮምኛ። ተልተሌን አነሱ፣ ያቤሎን ጨመሩ፣ ዝናቡን አዘነቡት። ሚኒስትሩ ያላሉትን አስባሉ። ድልድይ ተሠራ የተባለበት ቦታ ሲደርሱ የራሳቸውን ድልድይ፣ ድሮ ጎርፍ የወሰደባቸውን፣ አመጡ። «ኤዬ» ይላል በረንዳው። «ኤዬ።» ሕፃኑም ዝም ብሏል። እኔ ስህተት እቆጥራለሁ፤ ስድስት ደርሼአለሁ። በሰባተኛው ላይ አፌን ስከፍት እህቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ተይ።»

«ያቤሎን አላለም እኮ!»

«አውቃለሁ። ማለቴ፣ አላውቅም። እኔ ዜናውን ሰምቼው አላውቅም። እሳቸው ሲያወሩት ነው የምሰማው።»

«ራዲዮው እዚሁ እየጮኸ?»

«ታዲያ ሰምቼው ቁጭ ካልኩ ምን ይነግሩኛል?» ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር ያለችው፣ ሊጡን ከጣቷ እየፈለቀቀች። ከዚያ ሳላስበው፣ «እኔም እኮ እቀናለሁ» አለች።

«በምኔ?»

«እዚህ ማንበብ ስጀምርላቸው ያስቆሙኛል። ‹ታላቅሽ ናት የምታነብ። እሷ ነጥብ አትዘልም› ይሉኛል። እኔን ነው ያስተማሩት፣ የሚያደንቁት አንቺን ነው።»

ይህን ቃል ለማንም አልነገርኩም። እስከ ዛሬ እዚህ፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ እንደቋጠርኩት ነው። የመጣሁበትን ሳልናገር በጓሮ በር ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን የተንገበገብኩት በሌላ ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት ያጠናሁትን ሁሉ አጥንቼ፣ ዝም ማለትን እህቴ ቀድማኝ ማወቋ።

በማግስቱ ምሳዬን ለብቻዬ በላሁ። ሰባት ሰዓት ሲሆን እጄ ወደ ራዲዮው ሄደ። የምሰማውን አውቃለሁ፣ አንድ ቁጥር ላይ ነው ያለው፤ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ። እጄን መልሼ ጭኔ ሥር አደረግሁት። ራዲዮው ሰዓቱን ብቻ እያሳየ ተቀመጠ። ሰባት ከአምስት፣ ሰባት ከአሥር። ዓለም ላይ የሆነውን ሳላውቅ ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጫማዬን የረሳሁ ያህል ቀፈፈኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቴ በረንዳው ላይ ነበሩ። በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ።

«አባባ፣ ኦዱ?»

ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ሞራው መሀል የሆነ ነገር ሲፈልግ አየሁ። «ራዲዮሽስ? ተበላሸ እንዴ?»

«ደህና ነው። አልከፈትኩትም፣ ሥራ ነበረብኝ።»

«ምንም አልሰማሽም?»

«ምንም።»

ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። በአማርኛ ጀመሩ፣ ከመጀመሪያው፣ ሳይቸኩሉ። አንድ ቦታ ላይ የአገር ስም ተሳሳቱ፤ ምላሴን ነከስኩ። ሌላ ቦታ ላይ ወሩን ተሳሳቱ፤ «ከዚያስ?» አልኩ። ወሬው ግን እንዴት ጥርት ብሎ ይወርዳል! የቱ ጋ ማረፍ እንዳለባቸው፣ የቱ ጋ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንዳለባቸው ያውቁታል። ቀድሞ እዚያ በረንዳ ላይ የተነገረ ወሬ መሆኑ ገባኝ። ለእኔ የደረሰኝ ሁለተኛው ነው። ልቤ ትንሽ ተቆነጠጠ፤ እንደተቆነጠጠም «ከዚያስ፣ አባባ?» አልኩ።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጎርፉ ድልድዩን የወሰደው ዕለት ሌሊቱን በእግሬ የሄድኩት ለምን ይመስልሻል? እናንተ ሁለታችሁ ብቻችሁን ናችሁ ብዬ ነው። ስደርስ አንቺ የእህትሽን ደብተር አቅፈሽ ወለሉ ላይ ተኝተሻል። ደብተሩን ላነሳልሽ ብል እምቢ አልሽ፣ እንቅልፍሽን እንደተኛሽ።» ከዘራቸውን ከግድግዳው አነሱና፣ «ይህን እዚያ አልነገርኳቸውም» አሉኝ።

አለመናገራቸውን እህቴን ጠይቄ ማረጋገጥ እችል ነበር። ሁለት መታጠፊያ ነው። አልሄድኩም።